የሒሳብ ዲግሪ በወለድ ብድር ወይስ ቀድሞ ደመወዝ?



በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ልጃቸው በሒሳብ ትምህርት ጎበዝ ነው፤ የኤ ሌቭል ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፏል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ ማጥናት ይሻል፤ ይሁን እንጂ ክፍያው የሚሸፈነው በወለድ በሚገኝ የመንግሥት ብድር ነው። አባት «ሥራ ይግባ» ይላል፤ እናት «ልጄ ያለ ዲግሪ ሊቀር ነው?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ስለሆነም በቅድሚያ ቁጥሩን እንመልከት።

በእንግላንድ በ2025/26 የትምህርት ዘመን (እ.ኤ.አ.) የአንድ ዓመት ክፍያ ጣሪያ 9,535 ፓውንድ ነው። የሦስቱ ዓመት በዚሁ ቢሰላ 28,605 ይሆናል፤ ለምግብና ለመኖሪያ የሚወሰደው ብድር ሳይጨመር ማለት ነው። ከኦገስት 2023 ወዲህ ትምህርት የጀመረ ተማሪ መክፈል የሚጀምረው ተመርቆ ዓመታዊ ገቢው ከ25,000 ፓውንድ ሲያልፍ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ባለው ገንዘብ ላይ 9 በመቶ ይቆረጥበታል። በ40 ዓመት ያላለቀው ይሰረዛል። ተበዳሪው ቢሞትም ይሰረዛል እንጂ ወደ ወላጅ አይተላለፍም። ቤታችንን ይወስዱብናል ብለው እንቅልፍ ያጡ አባቶች በዚህ በኩል እፎይ ይበሉ።

ወለዱስ? የ2025/26 መጠን 3.2 በመቶ ነው። በ28,605 ፓውንድ ላይ በዓመት 915 ያህል ይጨምራል። 30,000 ፓውንድ የሚያገኝ ወጣት ደግሞ በዓመት የሚቆረጥበት 450 ብቻ ነው። ስለዚህ እየከፈለ ዕዳው ያድጋል! ዕዳው ባለበት እንዲቆም እንኳ ደመወዙ ከ35,000 ማለፍ ይኖርበታል።

አባት የሚያነሳው የደመወዝ ጉዳይ ደግሞ ከዕዳውም ይከብዳል። ከኤፕሪል 2025 በወጣው ዝቅተኛ ክፍያ መሠረት ከ18 እስከ 20 ዓመት ያለ ወጣት በሰዓት 10 ፓውንድ ያገኝ ነበር። በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል ቢሠራ በዓመት 19,500፣ በሦስት ዓመት 58,500 ነው። ዕዳውና የቀረው ደመወዝ ተደምሮ ወደ 87,000 ይጠጋል። ዲግሪው በየዓመቱ 4,400 ፓውንድ ያህል ብልጫ ቢያስገኝለት፣ ወለድና ግብር ሳይታሰብ፣ ሚዛኑ የሚደርሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። እናትም ዝም አትልም፤ ሒሳብ በእንግሊዝ ከፍ ያለ ገቢ ከሚያስገኙ የትምህርት ዓይነቶች አንዱ በመሆኑ ብልጫው ከዚህ ሊሰፋ ይችላል። የሒሳብ መምህራን እጥረት በመኖሩም ተመርቆ ለመምህርነት የሚሠለጥን በ2025/26 የ29,000 ፓውንድ ድጎማ ተመድቦለታል፤ ይህ ብድር አይደለም።

ይሁንና ለሙስሊም ቤተሰብ ጉዳዩ በትርፍና ኪሳራ ብቻ አይፈታም። በሱረቱል በቀራህ ከ275 እስከ 279 ያሉት አንቀጾች ስለ ሪባ የሚናገሩት እጅግ በጠነከረ ቃል ነው። ይህን ብድር በተመለከተ ዑለሞች ተለያይተዋል፤ ግልጽ ሪባ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ መንገድ ለጠፋበት በአስገዳጅ ሁኔታ የሚፈቅዱም አሉ። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። ቤተሰቡ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ሲጠይቅም ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ይዞ ይሂድ። የእንግሊዝ መንግሥት በተካፉል መርህ የሚሠራ አማራጭ ላይ በ2014 ሕዝብ አወያይቶ በ2017 በሕግ ቢፈቅድም እስከ 2025 መጨረሻ አልተጀመረም። ስንቱ ወጣት በመጠበቅ ዕድሜው አለፈ!

እዚህ ላይ ከብዙዎች የማንሰማውን እንጨምር። ከብድሩ ወለድ የሸሸ ወጣት፣ በሒሳብ ችሎታው ባንክ ገብቶ የሌላውን ሰው ወለድ ሲያሰላ ቢውል ምን አተረፈ? የት እንደሚሠራም አብሮ ይታሰብ። ሒሳብ የባንክ ብቻ አይደለም። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ላይ በጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ሰፊ ክፍል የሰጠው ለውርስ ክፍፍል ነበር።

ከ«ብድር ወይስ ሥራ» ውጭ ሌላ በር የለም ማለትም አይደለም። በስኮትላንድ ነዋሪ ሆኖ እዚያው የሚማር ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያውን መንግሥት ይሸፍንለታል። በእንግላንድ ደግሞ ከ2015 ወዲህ የዲግሪ አፕረንቲስሽፕ የሚባል አለ፤ ወጣቱ ተቀጥሮ ደመወዝ እያገኘ ዲግሪውን ይማራል፣ የትምህርቱን ክፍያም እሱ አይከፍልም። የንጹሕ ሒሳብ ዲግሪ በዚህ መንገድ ማግኘት ባይቀልም የዳታ ሳይንስና የሶፍትዌር ዘርፎች ይገኛሉ። ሒሳብን ራሱን የሙጥኝ ላለ ደግሞ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እየሠሩ በክፍልፋይ የሚማሩበት ነው፤ ዓመታቱ ይረዝማሉ እንጂ።

ወገኖቻችን በለንደን ዕቁብ ይጥላሉ። 9,535 ለ12 ወር ሲካፈል በወር 795 ፓውንድ ግድም ነው። ለአንድ ቤት ከባድ ነው፤ አጎትና አክስት በቀርድ ሐሰን ቢያግዙ፣ ልጁም ከቤት እየተመላለሰ ቅዳሜና እሑድ ቢሠራ ግን የማይቻል አይሆንም።

የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ለብዙው የትምህርት ዓይነት የሚዘጋው በጃንዋሪ ነው። የአፕረንቲስሽፕ ማስታወቂያዎች ግን ብዙዎቹ ከመስከረም ጀምሮ ይወጣሉ፤ ቀድመው የሚዘጉም አሉ። ልጁ ለሁለቱም ማመልከት ስለሚችል የአባትና የእናት ምክክር ከመስከረም ባይዘገይ መልካም ነው።