ሰዓቱን ሰጡን፣ ጊዜውን ግን አልሰጡንም

የምሠራበት ኩባንያ ባለፈው ዓመት እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት አደለን። በቀን አሥር ሺህ እርምጃ የተራመደ ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም የስጦታ ካርድ ይሆናል። የሠራተኞች ጤና ፕሮግራም፣ በእነሱ አጠራር «ዌልነስ» መሆኑ ነው። እኔ ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ፤ በቀን ዘጠኝ አሥር ሰዓት ወንበር ላይ ተጣብቄ እውላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሰዓቱን የአራት ዓመት ልጄ እግር ላይ አሰርኩት። እሷ ሳሎን ውስጥ ትሯሯጣለች፣ እኔ ኮድ እጽፋለሁ። በወሩ መጨረሻ የ25 ዶላር ካርድ ተላከልኝ። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው፤ ካርዱን ግን አልመለስኩም።

የምኖረው ዩለስ ነው፤ በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል፣ ዲ ኤፍ ደብሊው አየር ማረፊያ ጥግ ላይ ያለች ከተማ። ከተማዋ በቶንጋ ተወላጆቿ ትታወቃለች፤ የትሪኒቲ ሃይስኩል የፉትቦል ቡድን ከጨዋታ በፊት «ሃካ» የሚባለውን የፓሲፊክ ደሴቶች የጦረኞች ጭፈራ የሚያሳየው ለዚህ ነው። እነሱን ወደዚህ ከሳቧቸው ነገሮች አንዱ የአየር ማረፊያው ሥራ ነበር፤ ብዙ ሐበሻም ዛሬ የሚሠራው እዚያው ነው። ጎረቤቴ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ ተርሚናል ውስጥ በዊልቸር መንገደኛ ይገፋሉ። ሰዓቴን ሳሳያቸው ሳቁና «እኔን ቢቆጥሩኝ ኖሮ ይኼኔ ቤት ገዝቻለሁ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጋሼ በአንድ ፈረቃ የሚራመዱትን የእኛ ቢሮ ሰው ሁሉ ተደምሮ አይራመደውም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ግን ኮንትራክተር ስለቀጠራቸው ነጥብም ካርድም የለም። የስኳር በሽታቸው ደግሞ በመራመዳቸው ብቻ አልተስተካከለም፤ ሌሊት ሠርተው ቀን የሚተኙት አራት ሰዓት ነው፣ ምሳቸውን የሚበሉት ቆመው ነው።

የእኛ የሰው ኃይል ክፍል በየሦስት ወሩ «ተሳትፎ ቀንሷል፣ ሠራተኛውን እንዴት እናነሳሳ?» የሚል ኢሜይል ይልካል። መልሱ ሁልጊዜ ካርዱን ከፍ ማድረግ ነው። ይሄ ነገር ተፈትኗል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን ወደ ጤና ፕሮግራም ጋበዘ። ለጤና ምርመራ ምንም ካልተከፈላቸው 47 በመቶው መጡ። 100 ዶላር ሲባል 59 በመቶ፤ 200 ሲባል 63 በመቶ። ሁለተኛው መቶ ዶላር የጨመረው አራት በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ግኝት ነው፦ ወደ ፕሮግራሙ የገቡት ድሮም ለሕክምና ትንሽ የሚያወጡት፣ ድሮም ጂም የሚሄዱት ነበሩ። በዕጣ ተጋብዘው ካልተጋበዙት ጋር ሲነጻጸሩ ግን የሕክምና ወጪያቸውም፣ የጂም ምልልሳቸውም የረባ ለውጥ አላሳየም።

ዚሩይ ሶንግና ካትሪን ቤከር ደግሞ ቢጄስ በተባለው የገበያ ማዕከል ድርጅት ወደ 33,000 ሠራተኞች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ሠርተው በ2019 አወጡ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ፕሮግራሙ የገባላቸው ሠራተኞች «ስፖርት እሠራለሁ፣ ክብደቴን እቆጣጠራለሁ» ማለት ጨምረዋል። ደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ግን አልተለወጠም፣ ከሥራ መቅረታቸውም ያው ነው። ልክ እንደ እኔ ሰዓት፤ ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ነኝ።

ማባበሉ አልሠራ ሲል ወደ ቅጣት የሚሄዱም አሉ። የዌስት ቨርጂኒያ መምህራን በ2018 ሥራ ሲያቆሙ ዋናው ጥያቄ ደሞዝና የጤና መድን ነበር፤ ቀደም ብሎ ካስቆጣቸው ነገር አንዱ ግን እርምጃህን በስልክ አስመዝግብ፣ ነጥብ ካልሞላህ በወር 25 ዶላር ትከፍላለህ የሚለው ዕቅድ ነው። ዕቅዱን መሥሪያ ቤቱ ተወው። እኔም ብሆን እቆጣ ነበር። ደም ግፊቴን አለቃዬ እንዲያውቀው የምፈልግበት አንድም ምክንያት የለኝም።

(በነገራችን ላይ ያ አሥር ሺህ የሚባለው ቁጥር የሐኪም ትእዛዝ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው። መተግበሪያው ሌላም ጉድ አለው፤ በአብይ ጾም በየጠዋቱ «ቁርስ በልተሃል?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ አልበላሁም ስል ነጥብ ይቀንሳል። እንጀራ የሚባል ምግብ ደግሞ አያውቅም።)

ታዲያ ሰው በምን ይነሳሳል? ቅዳሜ ጠዋት ቤር ክሪክ ዳር የምንራመድ ስድስት ሰባት ሐበሾች አለን። ነጥብ የለም። የቀረ ሰው ግን «ምነው ቀረህ? አመመህ እንዴ?» የሚል ስልክ ይደወልለታል። እኔ ከአልጋዬ የምነሳው ያንን ስልክ ፈርቼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሚያርፍ ሥራ ስላለኝም ነው። ጋሼ አንድ ቀን መጥተው ደስ ብሏቸው ሄዱ፣ ከዚያ ወዲያ ፈረቃቸው ተቀየረና አልተመለሱም። እሳቸውን የስጦታ ካርድ አያመጣቸውም፤ የተረጋጋ ፈረቃ ግን ያመጣቸዋል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ለሯጩ ማንም ካርድ አላደለም። መንገዱ ለመኪና ተዘጋ፣ ሰዉ ወጣ፤ በቃ። አሁን በየባንኩና በየቴክ ኩባንያው ያሉ ጓደኞቼ «እኛም ዌልነስ እንጀምር፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። የምመልስላቸው አንድ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት፣ በሳምንት 48 ይለዋል። ሰዓት ለማደል ከማሰባችሁ በፊት ሠራተኛችሁ ስንት ሰዓት ወደ ቤቱ እንደሚገባ ቁጠሩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ሥራ የምትልኩለትን ሰው ጠዋት ሩጥ ማለት ቀልድ ነው።

ባለፈው ወር ለሰው ኃይል ክፍላችን ጻፍኩላቸው። የሰዓቱን ነገር ተናዘዝኩ፣ የልጄን ሩጫ ጨምሬ። ካርዱን ተውትና ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ስብሰባ የሚባል ነገር እንዳይያዝ አድርጉልን፣ እንራመዳለን፣ ማንም አይቁጠረን አልኩ። ኃላፊዋ ስቃ መለሰችልኝ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እንነጋገርበት አለች። ቀጠሮ ያዘችልኝ፤ ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ።