እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም

በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ዓሣ የሚያድነውን ንስር፣ በቄራ አካባቢ የሚያንዣብበውን ጥንብ አንሳ፣ ከግቢያችን ጫጩት የሚነጥቀውን ጭልፊት የማያውቅ የጋሞ ዞን አርሶ አደር የለም። ከእነዚህ አዳኝ አእዋፍ አንዱ አፉ ወይም እግሩ አብጦ ሜዳ ላይ ወድቆ ቢገኝ ግን ምን እናደርጋለን? አንዱ «ካንሰር ነው፣ አይድንም» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው «ወደ ዶሮዎቼ ይጋባል» ብሎ ይገድለዋል። ሁለቱም ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ነው።

የቆዳና የአፍ ካንሰር በአእዋፍ ላይ ያጋጥማል። አልድን ያለ ቁስል፣ የሚደማ እብጠት ወይም የመንቁር መጣመም ሊያሳይ ይችላል። ሆኖም በዱር በሚኖሩ አዳኝ አእዋፍ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ይበልጥ የሚታየው በሰው እጅ ተይዘው ባረጁት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ካንሰር ደግሞ ከጭልፊት ወደ ዶሮ አይጋባም።

ካንሰር የሚመስሉት ሌሎች በሽታዎች ናቸው። ጭልፊት የታመመች እርግብ ወይም ዋኔ ሲበላ ትሪኮሞናስ የተባለ ጥገኛ ተህዋስ ይይዘውና በአፉና በጉሮሮው ውስጥ እንደ አይብ ያለ ቢጫ ነገር ይጋግራል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። የአእዋፍ ፈንጣጣ ደግሞ በወባ ትንኝ መሰል ነፍሳት እየተዛመተ ላባ በሌለው የፊትና የእግር ቆዳ ላይ ኪንታሮት የመሰለ እከክ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ዶሮ አርቢዎች ይህን በዶሮዎቻቸው ጉትዬ ላይ አይተውታል። የውስጥ እግር እብጠትም በአብዛኛው ከቁስል የገባ መግል ነው።

በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ለትሪኮሞናስ ከአፍ የተወሰደ ናሙና ሳይቀዘቅዝና ሳይደርቅ ወዲያው በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ካንሰርን የሚያረጋግጠው ከእብጠቱ የተቆረጠ ቁራጭ ሥጋ በ10 በመቶ ፎርማሊን ተቀምጦ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው።

«ለአንድ አሞራ ይህን ያህል ድካም?» የሚል ይኖራል። የደቡብ እስያን ታሪክ እናስታውስ። በጎርጎሮሳውያኑ 1990ዎቹ የሕንድና የፓኪስታን ጥንብ አንሳዎች በገፍ ሲያልቁ ብዙዎች ተላላፊ በሽታ ነው ብለው ጠርጥረው ነበር። የሞቱት ተከፍተው ሲመረመሩ ግን ኩላሊታቸው መበላሸቱ ታየ። በ2004 ይፋ የሆነው ጥናት ምክንያቱ ለከብቶች የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መሆኑን አረጋገጠ፤ መድኃኒቱ ያለበትን ጥንብ የበላ አሞራ ይሞታል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል አገዱት። ያኔ ግን ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አልቀው ነበር። ጥንብ የሚያነሳ ሲጠፋ ሬሳው ለውሻ ይቀራል፤ ውሻ ሲበዛ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ይጨምራል። መዘዙ ዞሮ ለአርሶ አደሩ ነው።

ስለዚህ የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በወርሃዊ የበሽታ ሪፖርታቸው ላይ ለአዳኝ አእዋፍ አንድ መስመር ይጨምሩ። በየክሊኒኩ ጥቂት የናሙና ዕቃና ፎርማሊን ይቀመጥ፤ ናሙናውም በወላይታ ሶዶ ላቦራቶሪ በኩል እንዲመረመር፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እንዲላክ መንገዱ ይመቻች።

አርሶ አደሩም የታመመ ወፍ ሲያገኝ በባዶ እጁ አይንካ፣ አይግደል፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቅ። የሞቱ ዶሮዎችን ሜዳ ላይ አይጣል፤ አርቆ ይቅበር። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በጥንብ ላይ መርዝ መነስነስም ይቁም፤ ቀድሞ የሚሞተው አሞራው ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። አሞራው በሽታውን አይናገርም፤ እኛ መርምረን ልንናገርለት ይገባል።