በዮርዳኖስ ምንጭ የምትኖር ምስክር

ወደ ዮርዳኖስ የሚወርድ ተሳላሚ፥ ጌታችን የተጠመቀበትን ዳርቻ ተሳልሞ፥ በጠርሙስም ጸበል ቀድቶ ይመለሳል። ውኃው ከወዴት እንደሚመጣና በመንገዱ ምን እንደሚያገኘው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በሄርሞን ተራራ ግርጌ፥ በዳንና በባንያስ፥ የዮርዳኖስ ምንጮች ከዛፍ ጥላ ሥር ቀዝቅዘውና ጠርተው ይፈልቃሉ። በነዚህ ፈሳሾች ዳር ከውኃ ተርብ ጋር የምትዛመድ፥ ነገር ግን ቀጭን የሆነችና ስታርፍ ክንፎቿን ከጀርባዋ በላይ የምትገጥም በራሪ ፍጥረት ትኖራለች። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1842 ካሎፕቴሪክስ ሲሪያካ ብለው ሰይመዋታል፤ ፊተኛው ቃል በጽርዕ «መልካመ ክንፍ» ማለት ነው። እንቁላሏን በውኃ ተክል ላይ ትጥላለች፤ እጯም በውኃው ውስጥ ያለውን አየር በስንጥቡ እየሳበ ያድጋል። ስለዚህ ፈሳሹ ቢደርቅ ወይም ቢቈሽሽ ዘሯ ይጠፋል። መኖሪያዋ በእስራኤል፥ በዮርዳኖስ፥ በሊባኖስና በሶርያ የተወሰነ ሲሆን፥ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ቈጥሯታል።

ተሳላሚው የሚደርስበት የታችኛው ወንዝ ግን ከምንጩ ጋር አይመሳሰልም። ቀድሞ በዓመት 1,300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ወደ ሙት ባሕር ይወርድ ነበር። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1964 ታላቁን የውኃ መሥመር ከከፈተች፥ ሶርያና ዮርዳኖስም የያርሙክን ወንዝ ከገደቡ ወዲህ፥ የሚደርሰው ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ እርሱም ከፍሳሽና ከጨዋማ ምንጭ ጋር የተቀላቀለ ነው። የተጠማ ሕዝብ ውኃ መቅዳቱ አይነቀፍም፤ ለወንዙ ምንም ሳያስቀሩ መቅዳት ግን ይነቀፋል።

አንዳንድ ደቀ መዝሙር፦ «ውኃን የሚቀድሰው የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ ነው እንጂ የበራሪ መኖር አይደለም» ይል ይሆናል። ቃሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ጻሕልንና ጽዋን በጥንቃቄ የሚያጥብ ዲያቆን አከበራቸው ይባላል እንጂ ቅድስናቸውን ተጠራጠረ አይባልም። ጸጋው ከእግዚአብሔር ነው፤ ንጽሕናው ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው።

እንግዲህ ተሳላሚ የሻማ ፍራፊ፥ ጨርቅና ፕላስቲክ ወደ ወንዙ አይጣል። ደቀ መዝሙርም ነገ በሀገሩ ሲያገለግል፥ በደብሩ ዛፎች ጥላ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ እንደ ንዋየ ቅድሳት ይጠብቅ፤ የጥምቀትን ነገር ሲሰብክም የውኃውን አጠባበቅ ጨምሮ ያስተምር።