ቅዠት ሲደጋገም ዝም አይባልም

ጫት ያዘወተረ ሰው አንድ ቀን ሳይቅም ማደር ሲፈራ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ዱካክን ነው። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ይጫነዋል፣ ከገደል ይወረወራል፣ ሊጮህ ሲል ድምፁ አይወጣም። ሲነጋ ታዲያ ምን ያደርጋል? ዱካኩ እንዳይመለስበት ጫት ሊገዛ ይወጣል።

ነገሩን የሰይጣን ሥራ የሚያደርጉት ጥቂት አይደሉም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንዲህ ያሉ አነቃቂዎች ሕልም የሚበዛበትን፣ ሐኪሞች ‹‹ሬም›› የሚሉትን የእንቅልፍ ክፍል ያፍኑታል። ሰውየው መቃሙን ሲያቋርጥ የታፈነው ሕልም እንደ አበዳሪ ዕዳውን ሊጠይቅ ይመጣል። ከታገሡት ግን እየቀለለ ይሄዳል። አረቄ ጠጥቶ የተኛ ሰውም ወደ ንጋቱ ላይ የሚቃዠው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

መድኃኒትም ያቃዣል። ለዓመታት በሰፊው ሲሰጥ የቆየው የኤችአይቪ መድኃኒት ኢፋቪሬንዝ በዚህ የታወቀ ነው፤ አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒቶችም እንዲሁ። እንዲህ የጠረጠረ ሰው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ ክኒኑን በራሱ አያቁም።

ከሁሉ የሚከብደው ጦርነት፣ ድብደባ ወይም መደፈር የደረሰበት ሰው ቅዠት ነው። ዐረብ አገር በር ተቆልፎባት የሠራች ወጣት አገሯ ገብታም ያ በር ሌሊት ሌሊት ሊቆለፍባት ይችላል። ጸሎትንም ጸበልንም የሚከለክላት የለም፤ ‹‹አማትበሽ ተኚ›› ብሎ መሸኘት ግን አይበቃም።

ምክንያቱም ሕክምና አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ባሪ ክራኮው ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ጥናት ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን 168 ሴቶች ያካተተ ነበር። ሕክምናው የተሰጠው በሦስት ስብሰባ ብቻ ነው፤ ተራ ከሚጠብቁት ጋር ሲነጻጸሩ የታከሙት ሴቶች የሚቃዡባቸው ሌሊቶች በግልጽ ቀነሱ።

አሠራሩ ያን ያህል አይከብድም። ሰውየው ቀን፣ ነቅቶ ሳለ፣ ቅዠቱን ይጽፈዋል፤ ታሪኩን ደስ እንዳለው ይለውጠዋል፤ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በዓይነ ኅሊናው ይመላለስበታል። ያቺ ወጣት በሩን በገዛ እጇ ስትከፍተው እናቷን ቡና አፍልታ ስትጠብቃት አገኘቻት እንበል። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? እዚህ ፈቺዋ ራሷ ናት። መጀመሪያ ቀለል ባለው ቅዠት መለማመድ ይሻላል፤ ከባዱን ከባለሙያ ጋር።

ወረቀትና እርሳስ የሚበቃው ሕክምና ለጤና ጣቢያዎቻችን የሚከብድ አይመስልም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ታማሚው እብድ እንዳይባል ይደብቃል፣ ሐኪሙም አይጠይቅም። የጤና ባለሙያዎች፣ እባካችሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ የመጣን ሰው ማስታገሻ ከመጻፋችሁ በፊት ‹‹ትቃዣለህ ወይ?›› በሉት።