አፈር ሳይነኩ ስለ አፈር

በቋንቋችን አፈር ክብር የለውም። የጠላነውን ሰው «አፈር ብላ» እንለዋለን፤ እንግዳችን አልበላም ሲለን ደግሞ «አፈር ስሆን» ብለን እንለምነዋለን። በእርግማኑም በልመናውም አፈር የመቃብር ስም ነው። ባላገሩ እንዲህ ቢናገር ሞትንም አፈርንም በየቀኑ ስለሚያያቸው ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን አፈርን የምናውቀው በአብዛኛው ከተረትና ከሪፖርት ነው።

ሰሞኑን በማኅበራችን ውስጥ አንድ መልካም ሐሳብ ይነገራል። ይኸውም የአገሩ ሰላም በፈቀደ ክረምት ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከባሕር ዳር ብዙ መቶ ወጣቶች አዴት ላይ ተሰብስበው እንዲሰነብቱ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃና ስለ ደን ጥበቃም በሜዳ ላይ ኤግዚቢሽን እንዲዘጋጅላቸው ነው። ሐሳቡን በሙሉ ልብ እንደግፋለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ኤግዚቢሽኑ ምን ዓይነት ይሁን?

የለመድነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ድንኳን ይተከላል፤ ፎቶግራፍ የተለጠፈባቸው ሰሌዳዎች ይደረደራሉ፤ አንድ ትልቅ ሰው ሪባን ይቆርጣል፤ ማይክሮፎኑ ይጮኻል። ወጣቱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሰሌዳዎቹ ፊት ያልፍና ወደ ምሳው ይሄዳል። በማግሥቱ ምን ተማርህ ቢሉት የሚመልሰው የለውም፤ እጁ ምንም አልነካማ!

አዴት እንዲህ ላለው ከንቱ ሥራ የሚሆን ቦታ አይደለም። የይልማና ዴንሳ ከተማ ናት፤ የግብርና ምርምር ማእከልም አለባት። ከባሕር ዳር ወደ አዴት ሲወረድ በመንገዱ ላይ ደብረ ማዊ ይገኛል። እዚያ ያለውን ቦረቦር ተመራማሪዎች ለክተውታል፤ ቦረቦሩ የሚበላው አፈር ከእርሻው ላይ በስሱ ከሚታጠበው እጅግ የበዛ ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱም ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አልነበረም። በክረምት ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወደ ላይ እየወጣ የቦረቦሩን ግድግዳ ያርሰዋል፤ የራሰውም ግድግዳ ይናዳል። እንግዲህ «ከላይ እርከን ሥሩ፣ ቦረቦሩ ይቆማል» ብሎ የሚያስተምር ሰሌዳ ግማሽ እውነት ተናግሮ ያልፋል ማለት ነው።

ይህን ነገር ፎቶግራፍ አያስረዳም። ነገር ግን ከቦረቦሩ አፋፍ ራቅ ብሎ በገመድ በተከለለ ቦታ ጉድጓድ ይቆፈር፤ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ይትከልበት፤ ወጣቶቹም ምልክት ባለበት ዘንግ ጧትና ማታ የውሃውን ከፍታ ራሳቸው ይለኩ። ዝናብ በጣለ ማግሥት ውሃው ስንት ጣት እንደ ወጣ ያየ ልጅ ቦረቦር ለምን እንደሚናድ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ሁለተኛው ትምህርት በገመድና በውሃ ልክ ይሁን። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ገመድና በገመዱ መካከል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃሉ። ሦስት ሆነው በተዳፋት ላይ መስመር ያወጣሉ። እንደ ጎጃም ዝናብ በሚበዛበት አገር እርከኑ ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ መፋሰሻ እንዲሸኝ ጥቂት ማዘንበል አለበት፤ በ10 ሜትር 10 ሳንቲሜትር ማለት አንድ በመቶ ነው። ይህችን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ የረሳናት ሁሉ በገመድ ከያዝናት አንረሳትም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይቀላል። ሦስት ሣጥኖች በአንድ ተዳፋት ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ የታረሰ ባዶ አፈር፣ አንዱ ገለባ የለበሰ፣ አንዱ ሣር የበቀለበት ይሁን። ልጆቹ በእኩል ልክ ውሃ ያርከፍክፉባቸውና ከየሣጥኑ ሥር የወረደውን በብርጭቆ ይቀበሉ። ሦስቱን ብርጭቆዎች ጎን ለጎን ማየት ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኤግዚቢሽኑ የሠመረውን ብቻ ያሳያልን? ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ በሚባለው ቦታ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ 113 ሄክታር የሆነውን ተፋሰስ መለካት ጀመረ። በ1978 ዓ.ም. ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራበት፤ ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ ሲሆን ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን የሚጣልበት ነው። እርከኑ አፈሩን ያዘ፤ ይህ በልክ ታይቷል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት አልጨመረም። ባላገሩም እርከኑ ከማሳዬ ቦታ ይወስድብኛል፣ በሬዎቼን ለማዞር ይቸግረኛል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ አይጥ ይራባበታል አለ። ይህ የስንፍና ነገር ሳይሆን በልቶ ማደር ያለበት ሰው ሒሳብ ነው። ኤግዚቢሽናችን ይህን ከደበቀ ወጣቱን ያታልለዋል፤ ባላገሩን ግን ሊያታልለው አይችልም።

ስለዚህ አስተማሪው ማን ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ግልጽ ነው። በእርከኑ አጠገብ የሚቆመው እርከኑን የሠራው ገበሬ ይሁን፤ የቀን አበሉም እንደ ማንኛውም አስተማሪ ይከፈለው። ከምርምር ማእከሉ የሚመጣው ባለሙያ አጠገቡ ይቁም፤ ሁለቱ የማይስማሙበት ነገር ካለ በወጣቱ ፊት ይከራከሩ። ክርክር የሌለበት ትምህርት ስብከት ነው።

ሌላም አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ባላገር መሬቴ ሊለካ ነው ብሎ ተነሥቶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ የመሬት ድልድል ሲደረግ ብዙ ሰው ማሳው ተቆርሶ ለሌላ ሲሰጥ አይቷል። ለእኛ ገመድና ዘንግ የትምህርት መሣሪያ ነው፤ ለእርሱ ግን ሌላ ነገር ያስታውሰዋል። ባለይዞታው አስቀድሞ ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ በማንም ማሳ ላይ ገመድ መዘርጋት የለበትም።

ወቅቱንም እናስብ። እርከን የሚሠራው በጥርና በየካቲት ነው፤ እኛ ዕረፍት የምናገኘው ግን ማሳው በተዘራበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ታዲያ የተዘራውን እየረገጥን እርከን እንቆፍር? አይሆንም። በበጋ በተሠራው እርከን ላይ ደሾ ሣር እንትከል፤ እርከኑ ያለ ሣር ጎርፍ ያፈርሰዋልና ባለቤቱ ይህን ሥራ በእርግጥ ይፈልገዋል። ቁፋሮውን መለማመድ የሚሻ በትምህርት ቤት ግቢ ይለማመድ።

ስብሰባው ራሱም ኤግዚቢሽን መሆኑን አንርሳ። በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ሴማንገም በተባለ ከባሕር ተገድቦ በተገኘ ሜዳ ላይ ከ40,000 በላይ የዓለም ስካውቶች ሰፍረው ነበር። ሜዳው ጥላ አልነበረውም፤ ውሃም አይመጥም። ብዙዎች በሙቀት ታመሙ፤ በመጨረሻም አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሰፈሩ ተለቀቀ። መሬቱን ሳይጠይቁ የሰፈሩበት ስብሰባ ስለ ተፈጥሮ ምን ሊያስተምር ይችላል? እኛም ከሆነ ለብዙ መቶ ሰው ወጥ የሚሠራበት ማገዶ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ። በየቀኑ በሚዛን ይመዘን፤ በሦስት ጉልቻ የነደደውና በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የነደደው በሰሌዳ ይጻፍ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ በዚህ ምን ጥልቅ አደረገው?» ይሉናል። ባላገሩ ለዚህ ሥራ የራሱ ቃላት አሉት፤ ክትር፣ ፈሰስ፣ ቦረቦር ይላል። ሰሌዳው ግን የሚጻፈው ባላገሩ በማያውቀው የቢሮ ቋንቋ ነው። ይህን ማቃናት የእኛ ሥራ ካልሆነ የማን ይሆናል?

ተማሪ ወደ ገጠር ሲላክ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን አሰማራ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። የተተከለው በቀኑ ይቆጠራል፤ የጸደቀውን ለመቁጠር በማግሥቱ የሚሄደውን ሰው ግን ካሜራ አይከተለውም። እኛ ያንን ሰው እንሁን።

ለማኅበሩ ምክር ቤት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ በመጪው ጥር ጥቂት ተማሪዎች አዴት ሄደው ገበሬዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፤ እርከን ሲሠራም አብረው ይቆፍሩ። ሁለተኛ፣ ወጣቱ በእጁ የማይሠራው ነገር ሁሉ ከኤግዚቢሽኑ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ከገንዘቡ ሲሶው ለሚቀጥለው ዓመት ተቀምጦ፣ የተከልነው ሣር ስንቱ እንደ ያዘ፣ እርከኑም መቆም አለመቆሙ ተቆጥሮ በዚሁ መጽሔት ይውጣ፤ ጥቂት ቢሆንም ይውጣ።

ከጎጃም ተራራ የሚወርደው ውሃ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የዓባይ ግድብ ይሄዳል። አፈሩም አብሮት ይሄዳል። ስለ ግድቡ የዘፈንን ሁሉ ስለ አፈሩ አካፋ እናንሣ፤ ሪባን መቁረጫውን መቀስ እዚሁ እንተወው።