300 ሜትር የሚጠልቅ ሰዓት የእጅ መታጠቢያ ሲፈራ

ለመሆኑ አንድ ዕቃ «መሣሪያ» የሚባለው መቼ ነው? መዶሻ መሣሪያ ነው። ምስማር የሚመታ ሰው መዶሻው እንዳይጫርበት አይሳሳለትም። አካፋም መሣሪያ ነው፤ ጭቃ ነካው ተብሎ በሐር ጨርቅ አይወለወልም። ታዲያ አምራቾቹ «የባለሙያ መሣሪያ» እያሉ የሚሸጡት፣ ዋጋው ግን ከ9 ሺህ ዶላር በላይ የሆነው እንደ ሮሌክስ ሰብማሪነር ያለ የጠላቂዎች ሰዓት ከየትኛው ወገን ይመደባል? ከመዶሻው ወይስ ከአንገት ሐብሉ? በበኩሌ መልሱ ያለው ሰዓቱ ላይ ሳይሆን ያሰረው ሰው ዘንድ ነው ባይ ነኝ። በየቀኑ ለሥራ የሚያስረው ሰው መሣሪያ አለው፤ በሣጥን ቆልፎ የሚያስቀምጠው ግን የገዛው ስም ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ «ተማሪ ስለ ሮሌክስ ምን አገባው?» እንደምትሉ ይገባኛል። ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ የሚያወጣ ዕቃ እጄ ላይ የለም፤ በቅርቡም የሚኖር አይመስለኝም። ነገሩ ግን በሁለት በኩል ይነካናል። አንደኛ፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለሆንን ማስታወቂያ አንድን ቃል ከሥራው ነጥሎ እንዴት እንደሚሸጠው ማወቅ አለብን። ሁለተኛ፣ «ዕቃው ያገልግለን ወይስ እኛ እናገልግለው?» የሚለው ጥያቄ የሀብታም ብቻ አይደለም። ስንቶቻችን ነን «ለእንግዳ ነው» ተብሎ ቡፌ ውስጥ በተቀመጠ ብርጭቆ አንድም ቀን ውኃ ሳንጠጣ ያደግነው?

እስቲ ከታሪኩ እንነሳ። ሮቤር ማሉቢዬ እና ክሎድ ሪፎ የተባሉ የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተዋጊ ጠላቂዎች ክፍል ሲያደራጁ ለሥራቸው የሚሆን ሰዓት አጡ። የፈለጉት ነገር ግልጽ ነበር፤ ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ትልልቅና በጨለማ የሚያበሩ፣ በመስታወቱ ዙሪያ የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ሰዓት ነው። ብላንፓን የተባለው የስዊዘርላንድ አምራች እ.ኤ.አ. በ1953 ፊፍቲ ፋተምስ የተሰኘውን ሰዓት አቀረበላቸው። ሮሌክስም በዚያው ዓመት እስከ 100 ሜትር ጥልቀት ውኃ የማያስገባውን ሰብማሪነር ሠራ። ያን ጊዜ ስለ ቅንጦት የሚያወራ አልነበረም። ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ምክንያቱም ጠላቂ ከውኃ በታች የሚኖረው በደቂቃ ተቆጥሮ ነው። በጀርባው የተሸከመው አየር ያልቃል። በዚያ ላይ በጥልቀት ብዙ በቆየ ቁጥር ናይትሮጅን በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ድንገት ተነስቶ ሽቅብ ከወጣ ጋዙ አረፋ ሆኖ ሊጎዳው፣ አልፎም ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ «ከገባሁ ስንት ደቂቃ ሆነኝ?» የሚለውን ማወቅ ግድ ነው። ቀለበቱ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ጠላቂው ሲገባ የቀለበቱን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ትይዩ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ስንት ላይ እንደደረሰ ቀለበቱ ላይ ያነባል። አለቀ።

በጣም የምወድለት ነገር ግን ሌላ ነው። የዛሬዎቹ የጠላቂ ሰዓቶች ቀለበት የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ግራ ብቻ ነው። ለምን? ድንጋይ ነክቶት ሳይታወቅ ቢዞር፣ ካለፈው ደቂቃ በላይ ያለፈ መስሎ ይታያል እንጂ ያነሰ አይመስልም። ጠላቂው ቢሳሳት እንኳ ቀድሞ ይወጣል። ይኼ እውነተኛ የመሣሪያ አስተሳሰብ ነው። አይኤስኦ 6425 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂ ሰዓት መለኪያም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። ሰዓቱ ቢያንስ 100 ሜትር መቻል፣ በጨለማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መነበብ፣ ጨዋማ ውኃን፣ ምትንና ማግኔትን መቋቋም አለበት። ከተጻፈበት ጥልቀት በ25 በመቶ በሚበልጥ ግፊትም ይፈተናል።

ታዲያ ይኼ ሁሉ እንዴት የቅንጦት ዕቃ ሆነ? አንዱ ምክንያት ሥራውን ሌላ ስለወሰደበት ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጠላቂዎች ጥልቀቱንም ደቂቃውንም አብሮ የሚያሰላ ትንሽ ኮምፒውተር እጃቸው ላይ ማሰር ጀመሩ፤ ሰዓቱ ቢበዛ መጠባበቂያ ሆነ። ሌላው ምክንያት ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሾን ኮነሪ ጄምስ ቦንድን ሆኖ በ«ዶክተር ኖ» ሲተውን ሰብማሪነር አስሮ ነበር፤ በ1995 በ«ጎልደን አይ» ደግሞ የኦሜጋ ሲማስተር ተራ መጣ። ሰው ሰዓቱን ከባሕር ይልቅ ከሙሉ ልብስ ጋር ማየት ለመደ። የእንግሊዝ ጦር በ1970ዎቹ ለጠላቂዎቹ ያደላቸው ሰብማሪነሮች ዛሬ በጨረታ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጡ አሉ። ወታደር ከድንጋይ ጋር ሲያላጋው የኖረ ሰዓት አሁን በጓንት ይነካል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የምትሆን አንዲት ታሪክ ልጨምር። ሜርሴዲስ ግላይትሰ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1927 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ወሽመጥ በዋና አቋረጠች። ወዲያው ሌላ ሴት «እኔም አቋርጫለሁ» ብላ ዋሽታ ስለነበር የግላይትሰም ድል ተጠረጠረ። እሷም ለማረጋገጥ በዚያው ወር እንደገና ውኃው ውስጥ ገባች። በዚህ በሁለተኛው ሙከራ የሮሌክስ ሰዓት አንገቷ ላይ ነበር። ከ10 ሰዓት በላይ ዋኘች፤ ብርዱ ስለጠናባት ግን ሳትጨርስ ከውኃ አወጧት። ሰዓቱ እየሠራ ነበር። ሮሌክስም በኅዳር ወር የዴይሊ ሜይል ጋዜጣን የፊት ገጽ ገዝቶ ድሉን አወጀ። ዛሬ ይህ ታሪክ ሲነገር «ሰዓቱን አድርጋ ወሽመጡን አቋረጠች» የሚሉ ሞልተዋል። ሰዓቱ በእርግጥ ተፈትኗል፣ ሴትዮዋም በእርግጥ አቋርጣለች፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቀን አልሆኑም። ማስታወቂያ ሲደጋገም ሁለት እውነቶች ተሰፍተው አንድ ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ። «የባለሙያ መሣሪያ» የሚለውንም ቃል በዚሁ ዓይን ብናየው አይከፋም።

እንግዲህ በቁጥር እናወዳድረው። ሮሌክስ ሰዓቶቹ በቀን ከ2 ሰከንድ በላይ እንደማይቀድሙ ወይም ወደ ኋላ እንደማይቀሩ ይናገራል። ለሜካኒካል ሰዓት ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ትንሿ የካሲዮ ኤፍ-91 ደብሊው፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ስትሸጥ የኖረችው፣ የስህተት ልኳ በወር 30 ሰከንድ ነው። የውዱ ሰዓት 2 ሰከንድ በየቀኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ ቢጠራቀም በወር 60 ሰከንድ ይሆናል። ሰዓት ለማወቅ ብቻ ከሆነ ካሲዮዋ ታሸንፋለች። ጥልቀቱም ቢሆን ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው የተፈቀደለት ወሰን 40 ሜትር ነው፤ 300 ሜትሩ ለአብዛኛው ገዢ ሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

«ስለዚህ ውዱ ሰዓት ከንቱ ነው» ልል ነው? አይደለም። ለጨለማ፣ ለምትና ለውኃ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ለተራው ኑሮም ይመቻል። የፈተና አዳራሽ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቀለበቱ ግን ስንት ደቂቃ እንደፈጀህ በአንድ እይታ ይነግርሃል። ቃለ ምልልስ ልታደርግ ገብተህ 20 ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶህ እንደሆነ፣ ስልክህን ብታወጣ እንግዳህ መልእክት የምታነብ ይመስለዋል። ቀለበቱን ቀድመህ ካስተካከልክ ግን ማስታወሻ ስትይዝ ዓይንህን ጣል ማድረግ ይበቃል። ሽሮ የጣደም፣ መኪና ማቆሚያ የሚከፍልም ይጠቀምበታል። ደግሞ ለእኛ ልዩ ምቾት አለው። አንዱ ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሌላው በፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢያደርገውም፣ ቀለበቱ የሚቆጥረው ያለፈውን ደቂቃ ስለሆነ በሁለቱም ዘንድ እኩል ይሠራል።

ችግሩ ባለቤቱ ነው። አንድ የማውቃቸው፣ ዱባይ ብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ ጎረቤታችን፣ ለምሳ እጅ ልንታጠብ ስንነሳ ሁልጊዜ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኮ 300 ሜትር ይላል፤ ለምን ያወልቁታል?» አልኳቸው። ሳቁና «አውቃለሁ ልጄ፤ ሰዓቱ ይጠልቃል፣ ዋጋው ግን አይጠልቅም» አሉኝ። ሰውየው እውነታቸውን ነው። ሰዓቱን የገዙት እንዲያገለግላቸው ነበር፤ አሁን ግን እሳቸው ሆነዋል ዘበኛው።

በእርግጥ ለመሳሳት በቂ ምክንያት ያላቸው ሰዎች አሉ። «ከተጫረ ዋጋው ይወርዳል» የሚል ሰው ልክ ነው፤ ግን ያ ሰው የገዛው አክሲዮን ነው፣ አክሲዮን ደግሞ እጅ ላይ አይታሰርም። የሌባው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የለንደን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ሲቪል የለበሱ አባላቱን ውድ ሰዓት አሳስሮ መንገድ ላይ እያሰማራ ቀማኞችን እስከ መያዝ ደርሶ ነበር። በዚህ ዓይነት አካባቢ ማታ ማታ አውልቆ መሄድ ፍርሃት ሳይሆን ብልህነት ነው። ነገር ግን ይኸው ክርክር ሌላም ነገር ያሳያል፤ ይዘኸው ለመውጣት የምትፈራው መሣሪያ ግማሽ ሥራውን አጥቷል። ያጠፋበትም ጥልቀት ወይም ድንጋይ ሳይሆን የራሱ ዋጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። በየቀኑ ማሰር ማለት አለመጠንቀቅ ማለት አይደለም። ውኃ የሚከለክለው በውስጡ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ነው፤ እሱ ደግሞ ያረጃል። የጎኑ መጠምዘዣ በደንብ ካልታሰረ 300 ሜትሩ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በየጊዜው ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ማስፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህም ገንዘብ ይጠይቃል። ገበሬ ማረሻውን፣ ሸማኔም መወርወሪያውን ይንከባከባል። እንክብካቤ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ነው፤ በሥራ ፋንታ ከሆነ ግን ዕቃው መሣሪያነቱ ቀርቷል።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። አቅም ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ሰዓት ቢገዛ አልቃወምም፤ ጥሩ ሆኖ የተሠራ ነገር መውደድ ኃጢአት አይደለም። ግን ከመግዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ «በመጀመሪያው ሳምንት የበር ጉበን ቢጭርብኝ ምሳዬን እበላለሁ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ይሰረው፤ እጁን ይታጠብበት፣ ላንጋኖም ይዋኝበት፣ ልጁን ሲያቅፍም አያውልቀው። መልሱ «አይ» ከሆነ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሰዓት ሊገዛ ነውና ዝቅ ይበል። በመቶዎች ዶላር የሚገኙ፣ ያንኑ መለኪያ የሚያሟሉ የጠላቂ ሰዓቶች አሉ፤ ቢጫሩም እንቅልፍ አይነሱም።

እኛም «የባለሙያ» የሚል ቃል በማስታወቂያ ላይ ባየን ቁጥር፣ ሰዓትም ይሁን ካሜራ ወይም ላፕቶፕ፣ «የትኛው ባለሙያ? ለየትኛው ሥራ? አሁንስ ይጠቀምበታል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ቤታችን ስንገባ ደግሞ ያን የቡፌ ብርጭቆ አውጥተን ውኃ እንጠጣበት። ቢሰበርም ሲያገለግል ተሰበረ ይባላል።

ቸር እንሰንብት።