የመሶቡ ላብ

ሸዋ ሮቢት ላይ እንጀራ ሲሻግት ቆላውን እንወቅሳለን። ሙቀቱ ያፋጥነዋል፤ እርጥበቱን የምናቀርብለት ግን እኛው ነን። የማሽላም ሆነ የጤፍ እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ዳቦውንም እንጀራውንም በትኩሱ በፌስታል ስንጠቀልል እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ውኃ ሆኖ ይመለስበታል። የሻጋታው ዘር እንደ አቧራ በየቦታው አለ፤ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ያው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ወር አልፎትም አይሻግትም።

እንግዲህ እኅቶቻችን፣ ሰፌድ ላይ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ መሶቡም ፀሐይ ይምታው። ከኢፍጣር የተረፈውን በማግስቱ ጠዋት እንስጣው። አንዴ ከሻገተ፣ ኢስራፍ እንዳይሆንብን ብለን አረንጓዴውን ፍቀን ለልጅ እንሰጣለን። የፋቅነው ላዩን ነው፤ ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ አንዳንዱም መርዝ አለው። ለዶሮም አይሰጥ፤ እንቁላሏን የሚበላው ያው ልጅ ነው።